ፋብሪካው እንደወለደው

«መኪና እኮ ነው፤ ብረት ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ? ብረት? ኧረ እግዜር ይይልሽ! ያ ብረት ባይኖር ዛሬ ደብዳቤ የምትጽፍልኝ እህት አትኖረኝም ነበር። እማዬ አንቺን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት፣ ባሕሩ ሞልቶ ዳርቻውን ሲውጠው፣ አባባ በአሸዋው ጉብታ ላይ አሳልፎ ሆስፒታል ያደረሳት በዋረጎዋ መኪናችን ነው። ካልደር የሚሉት መኪና ቢኖረን ኖሮ እዚያው አሸዋ ላይ ዱብ ትዪና አዋላጅሽ ፔሊካን ወፍ ነበር የሚሆነው።

ይኸው፣ ሰላምታውን አስዋጥሽኝ። እሺ፣ በወጉ ልጀምር። እንደምን ከርመሻል እህት ዓለሜ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳል ተወሽ ወይስ ብሪዝበንም ተከትሎሽ ሄደ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ እንደ ሌላው ሰው ደህና አይደለም፤ ከዚህ እስከ መብራት ማማው ድረስ አሸዋ ላይ መሪ በመያዝ የሚስተካከለኝ የለም። ትከሻዬም ሰፍቷል፣ ስትመጪ ታይዋለሽ። አባባም ደህና ነው። ወገቡን ትንሽ ያመዋል። እሱን እመጣበታለሁ።

ለምን አልደወልክም እንዳትዪ። ኔትወርክ ያለው አሁንም ጀልባ ማውረጃው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ቆመሽ ስታወሪ አገሩ በሙሉ ዓሣ የሚያጥብ መስሎ ጆሮውን ይቀስራል። ይኼ ደግሞ በአገር ፊት የሚወራ ነገር አይደለም። ጽሑፌን አትሳቂበት፤ እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት አንቺን ለማድረስ ነው።

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። እጮኛሽ ሌይተን ከእኛ ዘንድ ሲመለስ ልብሱ በጨው ደርቆ ነበር፤ «ተሸነፍኩ» ብቻ ብሎሽ ሊታጠብ ገባ፤ በማግስቱ ካልደሩን ለመሸጥ ማስታወቂያ አወጣ። ምን አደረጋችሁት ነው ያልሽው። አባባስ ሠርጌ ላይ ይመጣል ወይ፣ ይዞኝ ይገባል ወይ ነው ያልሽው። እነግርሻለሁ። ግን ከመጀመሪያው ነው የምነግርሽ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። እየቀፈፈኝ ነው የምጽፈው፣ አንቺም እየቀፈፈሽ አንብቢው።

ሰውየውን ይዘሽ የመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? አባባ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ያ ነጭ ካልደር እንደ ማቀዝቀዣ እያብለጨለጨ ግቢያችን ሲገባ አየና ፊቱ ከሰል መሰለ። ሌይተን እጁን ዘርግቶ ሲመጣ አባባ እጁን ከኪሱ አላወጣም። እኔ በልቤ «እሰይ! ንቀት እንዲህ ነው!» ብዬ ነበር። ቀጥሎ የተናገረውን ደግሞ አንቺም ሰምተሻል፤ «ልጄ የመዋኛ ገንዳ ቆፋሪ ብታገባ ምን ቸገረኝ፤ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ የሚሸጥም ሰው ነው። ካልደር የሚነዳ ግን አማቼ አይሆንም። የሙሌት ዓሣው ወቅት ሲያልቅ መሰላሉ ላይ እንገናኝ፣ ሁለታችንም ፋብሪካው እንደወለደው። ካሸነፍከኝ ልጄን በገዛ እጄ አምጥቼ እሰጥሃለሁ። ካሸነፍኩህ ያን ማቀዝቀዣ ትሸጣለህ፤ እስክትሸጠው ድረስ ሠርጉ ላይ አታየኝም» አለ። ሌይተንም ያቺን የምታስጠላ ፈገግታውን ፈገግ ብሎ «እሺ፣ አባት» አለ። በቃ «እሺ፣ አባት»። ወንድ ልጅ ሲሰደብ ቢያንስ ይቆጣል እኮ!

የእኛን ሕግ ለእሱ ነግረሽው ከሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ነግሬዋለሁ። መሰላሉ ማለት ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብሎ ጉብታው ላይ የሚወጣው አሸዋ ነው። ፋብሪካው እንደወለደው ማለት ምንም የተጨመረ የለም፤ ከፍ የተደረገ ሞላ የለም፣ መጎተቻ የለም፣ የተቀየረ ጎማ የለም። ሹፌሩ መኪናውን ራሱ ያሰናዳል፣ ሌላ ሰው ጣቱን አያሳርፍም። ይኼን የመጨረሻውን ያወጣው አባባ ነው፤ ድሮ ዱጋል ሦስት ወንድሞቹን ይዞ መጥቶ እንደ ሙሽራ መኪና ሲያሰማምሩለት አይቶ ተናዶ ነው ያወጣው።

አሁን የአባባን ነገር ልንገርሽ፣ ካልነገርኩሽ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባሽም። ዘንድሮ አባባ አስጠልቶኛል። ይቅር ይበለኝና አስጠልቶኛል። መረቡ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ሙሌቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ «ሻርክ ነው የበጣጠሰው» ይላል። ሻርክማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? የጠፋው መርፌውን አንስቶ የሚጠግን ነው። ጢሙን አይላጭም። አዝራር ያለውን ሸሚዝ ሁሉ «የጠበቃ ልብስ ነው» ብሎ ሳጥን ውስጥ ከቶታል። ሻዩን ኩባያው ግማሽ ድረስ ነው የሚያስቀዳኝ፤ እሱም ጠረጴዛው ላይ ይፈስና ዝንብ ሲወረው ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔ ነኝ የምጠርገው። እማዬ ብትኖር ይኼን ቤት አይታ በሩ ላይ ትመለስ ነበር። የዋረጎዋን ጎማ የማስተነፍሰውም እኔ ነኝ፣ ወቅቱን ሙሉ። «ጎንበስ ስል ወገቤን» ይላል። እኔም ወገቡን ነው እላለሁ። ዱጋል ሲጠይቀኝ ወገቡን ነው አልኩት፤ ግሌኒስ ስትጠይቀኝም ወገቡን ነው አልኳት። ወገብ ነው በቃ።

ከፈተናው በፊት ያለው ቅዳሜ ሌይተን ካልደሩን ይዞ መጣና የግሌኒስ መጠጥ ቤት ደጅ አቆመው። እኔ ደግሞ ጠላቴን ሳላውቅ አልገጥምም፤ ሆዱ ስር ተኝቼ ገባሁ። ሁሉንም አየሁት። የእኛዋ ፊቷም ኋላዋም አንድ ወጥ ብረት ነው፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ይነሳል፣ እንደ ሚዛን፣ ታውቂዋለሽ። የእሱ የፊት ጎማዎች ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እግር ነው የሚሄዱት፤ ተጣልተው እንደተለያዩ ባልና ሚስት። የእኛዋ ከባዱ ማርሽ በካምቢዮ ነው፤ በክርንሽ ገፍተሽ፣ አጥንትሽ እስኪሰማው ድረስ። የእሱ ማዞሪያ ናት፤ እንደ ምጣድ ማሞቂያ ቁልፍ ጠቅ ጠቅ የምትል። ዙሪያዋን ሥዕል አለባት። አስፋልት፣ አሸዋ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ በረዶ። በረዶ! እዚህ አገር በረዶ የሚታየው ግሌኒስ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ወደ አሸዋው ስታዞሪያት መኪናው ራሱ ያስባል፤ የትኛው ጎማ ይሽከርከር፣ የትኛው ይያዝ፣ እሱ ነው የሚወስነው። አፍንጫው ስር ካሜራ አለው፣ ከፊት ያለውን መሬት መስታወት ላይ ያሳይሻል። አንገት ለምን ተፈጠረ ታዲያ? ወንበሩ ይሞቃል፣ የኩባያ ማስቀመጫው ይበርዳል። ውስጡ አዲስ ጫማ ይሸታል። የእኛዋ ውስጥ ስትገቢ የሙሌት አንጀትና የእርጥብ ውሻ ሽታ ነው፤ ያ ነው የመኪና ሽታ።

ዱጋል ታውቂው የለ፣ ካልደር ከገዛ ወዲህ ካልደርን የሠራው እሱ ይመስለዋል። ብርጭቆውን ይዞ ወጣና «አንተ ልጅ፣ ከሆዱ ስር ውጣ፤ ዋረጎ ስታዩ የለመዳችሁት ዘይት ሲንጠባጠብ ነው፣ እዚያ ዘይት አታገኝም» አለኝ። እኔም «ካልደር ጣራው ላይ መስኮት ያለው ለምንድነው ጋሽ ዱጋል? ሹፌሩ አሸዋ ሲውጠው ሰማይ እያየ እንዲጸልይ ነው?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌይተንም ሳቀ፤ በራሱ መኪና ተሰድቦ አብሮ ሳቀ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ግሌኒስ ጠረጴዛ እየጠረገች «እናንተ ሰዎች ሚስት ስትመርጡ እንዲህ ሆዷ ስር ብትመረምሩ ኖሮ ግማሾቻችሁ እዚህ እራት ባልበላችሁ» አለች። አባባ ብቻ አልሳቀም። ቢራው ፊቱ ተቀምጦ አረፋው ሞተ፤ አልነካውም።

እሑድ ጠዋት ሁሉም ሰው መሰላሉ ስር ተሰበሰበ። ነፋሱ ከደቡብ ነበር፣ የበሰበሰ የባሕር ሣር ሽታ ፊትሽ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለጠፋል። ዳኛዋ ግሌኒስ ነበረች፤ ወንበሯን አሸዋው ላይ ተክላ «ውሃው እየተመለሰ ነው፣ ጉራችሁን አሳጥሩና ውጡ» አለች።

ሌይተን ቀደመ። ወረደና ተንበርክኮ የአራቱንም ጎማ አየር ቀነሰ፤ ቀስ ብሎ፣ እየለካ፣ ክዳኖቹን መሃረብ ላይ እየደረደረ። እንደ ጥርስ ሐኪም። ማዞሪያዋን ወደ አሸዋው ጠቅ አደረጋትና ተነሳ። እህቴ፣ መሳደብ ፈልጌ አፌን ከፍቼ ነበር። ወጣ። አዎ ወጣ። ድመት አጥር ላይ እንደምትወጣ ወጣ፤ ጎማው አሸዋ አልበተነም፣ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አላደረገም። በዚያ መሰላል ላይ የእኛዋ ዋረጎ እያጓራች፣ እኔ መሪው ላይ ተኝቼ፣ አባባ «ረግጠው! ረግጠው!» እያለኝ ነው የምንወጣው። እሱ በአንድ እጁ። ተፋሁ። እውነቴን ነው፣ አሸዋው ላይ ተፋሁ።

የአባባ ተራ ሆነ። ወርዶ ወደ ፊቱ ጎማ ሄደ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ጎንበስ ብሎ እንዲያስተነፍስ ነው። አባባ እኮ ነው፤ ለዚህ ዳርቻ ማስተንፈስን ያስተማረው እሱ አይደል? «አየር የሞላ ጎማ ይቆፍራል፣ የተነፈሰ ጎማ ይራመዳል» እያለ ከጡት ጋር አይደል ያጠጣን? ጎንበስ አለ። እጁን ክዳኑ ላይ አደረገ። ክዳኑ አልፈታለት አለ። እኔ ጠጋ ልል ስል ሕጉ ትዝ አለኝ፤ ጣቴን ባሳርፍ ተሸነፈ ይባላል። ከዚያ ቀና አለና እጁን ኪሱ ከተተ።

«ፋብሪካው እንደወለደው አይደል ያልነው?» ብሎ ጮኸ። «ፋብሪካው የአየሩን ልክ በሩ ላይ ጽፎታል! እኔ የተጻፈውን ነው የምነዳው። ማስተንፈስ ማጭበርበር ነው!»

ዱጋል «ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ማስተንፈስን ያስተማርከኝ አንተ...» ሲል አባባ «አፍህን ዝጋ!» አለውና ጋቢና ገባ።

ምን ልበልሽ። በሰው ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። መሰላሉ ስር ሳትደርስ፣ ገና ለስላሳው አሸዋ ላይ፣ ዋረጎዋ ተቀመጠች። አባባ ደግሞ መልቀቅ ሲገባው ረገጠ። ረገጠ፣ ረገጠ፤ ጎማዎቹ የገዛ መቃብራቸውን ቆፈሩ፣ ደረቷ አሸዋ ላይ ተኛ። ከዚያ የመጀመሪያው ሞገድ መጥቶ የኋላ ጎማዋን ላሰ።

ሮጥኩ። «አባባ ውረድ፣ እናስተንፍሳት!» አልኩት። «ማንም እንዳይነካት!» አለ። ሌይተን ካልደሩን ከላይ ይዞ ወረደና ከእኛ በታች፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ አቆመ፤ ገመድ ይዞ ወጣ። አባባ ገመዱን ሲያይ መስኮቱን ዘጋው፤ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ «ዋረጎ በካልደር ገመድ ከምትወጣ ባሕሩ ይብላት! እኔንም ይብላኝ!» ይላል። ያ ውሃ እየመጣ፣ ያ ሽማግሌ በሩን ቆልፎ። ሰው ለብረት ይሞታል? አሁን አንቺ ያልሽው ገባኝ ልልሽ አይደለም፣ ግን ያኔ ጠላሁት። ሁለቱንም መኪና ጠላኋቸው።

ሌይተን ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ «ለምን አላስተነፈሱም?» አለኝ።

«ወገቡን ያመዋል» አልኩት።

«ወገባቸውን?»

«ወገቡን አልኩህ! ጆሮህ ውስጥ የገንዳ ውሃ ገብቷል እንዴ?»

አየኝ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል መሪውን ይዞም ያላረፈውን የአባባን ቀኝ እጅ አየ። እኔም አየሁ። «እሺ» አለ፤ «ወገባቸው ነው።» ገመዱን ወርውሮ ውሃው ውስጥ ተንበረከከ። የፊቱን ጎማ ክዳን ፈትቶ ጥርሱ መሃል ያዘው፣ ቫልቮላውን ተጫነው፣ አየሩ መውጣት ጀመረ። አባባ መስኮቱን ከፍቶ «አንተ! ሹፌሩ ብቻ ነው የሚነካው!» ብሎ ሲያንባርቅ፣ ያ ልጅ ክዳኑን ከአፉ አወጣና «አልነካሁም አባት፤ ኮፍያዬ ወድቆብኝ እየፈለግኩ ነው» አለ። ኮፍያው ራሱ ላይ ነው! ሞገዱ ፊቱን ሲመታው እንኳ አልወደቀም።

ዱጋል ከላይ «ኧረ ግሌኒስ፣ ሕጉስ?» አለ። ግሌኒስ ወንበሯን አዞረችና ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጠች። «እኔ ወፍ እያየሁ ነው» አለች፤ «አንተም ወፍ እይ ዱጋል፤ ያቺ ቢራህን የምታገኝበት ቤት የማን እንደሆነ ታውቃለህ።» ዱጋል ዞረ። ከዚያ ሁሉም ዞረ። አገር በሙሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ወደ ጉብታው ዞሮ ባዶ ሰማይ ላይ ወፍ ሲያይ ቆመ። ወፍ የለም፣ እህቴ። አንድ ወፍ የለም። ሰው እንደዚያ ተስማምቶ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም። የኋላዎቹን ጎማዎች ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ኮፍያ ስፈልግ ነበር በይ።

ዋረጎዋ ደረቷን አነሳች። አባባ ከባዱን ማርሽ በክርኑ ገፋው፣ ድምፁን እኔ እዚያ ሆኜ ሰማሁት፤ ወጣች። ጨው ውሃ እየተፋች፣ እያጓራች፣ መሰላሉን እስከ ጫፉ ወጣች። ሰው ያኔ ነው ከወፉ የተመለሰው፤ ጩኸቱ፣ ፉጨቱ፣ የመኪናው ክላክስ። እኔም ጮህኩ፣ አልዋሽሽም።

ሌይተን ደግሞ እየተንጠባጠበ ወደ ካልደሩ ገባ። ሞተሩን አስነሳ፣ መሪውን አዞረ፣ ረገጠ። ያ ድመት ያልኩሽ መኪና እርጥቡ አሸዋ ላይ እንደ ሰከረ አሳማ ሲገላበጥ ቆየና እስከ ሆዱ ሰመጠ። ባሕሩ በሩን ማንኳኳት ጀመረ። ሌይተን ወርዶ እጁን ወደ ላይ አነሳና «አባት! ይርዱኝ!» ብሎ ተጣራ።

አባባ በዚያ ቅጽበት አሥር ዓመት ወጣት ሆነ። ዋረጎዋን ወደኋላ ይዞ ወረደ፣ ካቦውን እኔ አሰርኩ፣ እኔው ካልደሩ ውስጥ ገብቼ መሪ ያዝኩ፤ ዋረጎ ካልደርን ከባሕር አፍ ጎትታ አወጣች። ይኼን ያየ ሰው እስኪሞት ያወራዋል። ግሌኒስ ተነስታ «ዋረጎ!» ብላ ፈረደች። ዱጋል ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለና ረገጠው።

አሁን ስሚኝ። ካልደሩ ውስጥ ስገባ መሪውን ከመያዜ በፊት ያቺን ማዞሪያ አየኋት። አስፋልት ላይ ነበረች። ገባሽ? ሲወጣ አሸዋ ላይ አድርጓት ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጠቅታዋንም ሰምቻለሁ። ወደ እኛ ሲወርድም በዚያችው ነው የወረደው፤ ባይሆን ኖሮ ከእኛ ሳይደርስ ነበር የሚተከለው። ገብቶ ሲቀመጥ ነው ወደ አስፋልቱ የመለሳት። ባሕር ዳር! እርጥብ አሸዋ ላይ!

መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው አባባን ሲያቅፍ፣ ዱጋል የመሸነፊያ ዘፈኑን ሲያላዝን፣ እኔ ሌይተንን ወደ ደጅ ጠርቼ ደረቱን ገፋሁትና «ማዞሪያዋ አስፋልት ላይ ነበረች» አልኩት።

«ረሳኋት» አለኝ።

«አትዋሽ! አንተ የጎማ ክዳን መሃረብ ላይ የምትደረድር ሰው ነህ፣ ረሳሁ አትበለኝ! አጭበርብረህ ነው የተሸነፍከው። አስጠላኸኝ።»

እሱም፣ አልተቆጣም ታምኛለሽ፣ «አንተም ወገባቸው ነው አልከኝ» አለ።

በሩን ከፍቼ አሳለፍኩት።

ስንገባ አባባ ከመቀመጫው ተነሳ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ለሌይተን ግራ እጁን ዘረጋለት። ሰው ሁሉ ግራ ገባው፤ ሌይተን ግን ድሮም ሰው የሚጨባበጠው በግራ የሆነ ይመስል፣ ዓይኑን ሳያሽ ግራውን ሰጠው። አባባም «ያን ማቀዝቀዣ ሽጥና ቀኑን ላክልኝ። ልጄን እኔ ነኝ ይዤ የማስገባት» አለው።

ይኸው መልስሽ። ይመጣል። በዋረጎዋ ነው የሚመጣው፣ የምነዳው እኔ ነኝ፤ ያ ሁሉ መንገድ ለወገቡ አይሆንም። ከሠርጉ ቀደም ብለን እንመጣለን፤ ሌይተን አንድ የሚያውቀው ሐኪም አለ ብሎኛል። ለወገቡ። አንቺ ስለ ሐኪሙ ምንም አትጻፊ፣ ደብዳቤ ሲመጣ አንብብልኝ ይለኛል፣ ስዋሽ ደግሞ ፊቴ ይቀላል። ክራባት የሚባል ነገር እንዳትገዙለት። ሸሚዙ በራስ የሚጠለቅ ይሁን። እራት ላይ ሾርባ እንዳታቀርቡ። ኩባያ ስትቀዱለት ግማሽ ድረስ።

ያን ልጅ አሁንም አልወደውም፣ እንዳይመስልሽ። ማሸነፍ እየቻለ የሚሸነፍ ወንድ ለእኔ ወንድ አይደለም፤ በአንድ ቤት ጣራ ሥር ስንገናኝ እንኳ እንዳያቅፈኝ ንገሪው። ካልደሩን ማን ሊገዛው ነው ግን? ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩሽ። አሸዋ ለሚያውቅ ሰው ካልሆነ ባይሸጠው ይሻላል፤ አንድ ከተሜ ወስዶ ገበያ ሲመላለስበት ቢኖር ይቀፋል። ያቺ ማዞሪያ አሸዋው ላይ ስትሆን ምን እንደሚሰማ አንድ ቀን ልሞክረው ነበር። ለመሳደብ እንዲመቸኝ።

በይ እህት ዓለሜ፣ ቤትሽ መልሕቁ የማይነቀል ይሁን፤ ነፋሱ ከኋላሽ ይንፈስ፣ ባሕሩ ሲሞላም ሲጎድልም ደጅሽን ይማር። የእማዬ በረከት ከበላይሽ ይሁን። ልጆችሽ አንገታቸውን አውጥተው የሚያዩ ይሁኑ እንጂ በካሜራ አይሁኑ።

በአሸዋ ላይ ወደር የሌለው

ታናሽ ወንድምሽ

ዋናውን ረስቼ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ሙሽራ በአባቷ ግራ ነው የምትሆነው ይላሉ፤ ተያቸው። አንቺ በቀኙ በኩል ሁኚ። ቀኝ እጁን ያዢው፣ በሁለት እጅሽ፣ አጥብቀሽ፣ እስከ መጨረሻው እንዳትለቂው። ለምን አትበዪኝ። እሺ ብለሽ ጻፊልኝ፤ ቶሎ።